ዓመቱ የተቆረጠ ወረቀት

ጅዳ ለሚኖር ሐበሻ ድምፄ እንግዳ ያልሆነበት ጊዜ ነበር። ገበያ ውስጥ ስናገር ዞር ብለው "አንቺ ሀያት አይደለሽም እንዴ?" የሚሉኝ ነበሩ። ይህን የምላችሁ ልኮራባችሁ አይደለም፤ ያኔ ኩራቱ አፍንጫዬ ላይ ደርሶ እንደነበር እንድታውቁልኝ ብዬ ነው። ጋዜጠኛ አልነበርኩም። ከባቲ የመጣሁ የሰው ቤት ሠራተኛ፣ እዚህ እንደሚሉን ሻጋላ ነበርኩ። የመዳምን ቤት አጸዳለሁ፣ ልጆቿን አበላለሁ፤ እረፍት ሳገኝ ስልኬን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ አጫጭር ቪዲዮ እሠራለሁ።

ስጀምር ስለ ምግብ ነበር የማወራው። ሩዝ እንዴት እንደማይጣበቅ በትዕግሥት አስረዳለሁ፤ የሚያየኝ የለም። አንድ ቀን ስለ ኢቃማ፣ ማለትም ስለ መኖሪያ ፈቃድ እድሳት የሰማሁትን ነገር ዓይኔን አፍጥጬ "አስቸኳይ!" ብዬ ጀመርኩና ልብስ አጥቤ ስመለስ የተመልካቹ ቁጥር ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። ከዚያ በኋላ ሩዝን ማን ያስታውሳል? "አስቸኳይ" ያልኩ ቀን ሰው ይጎርፋል፤ በዝግታ ያስረዳሁ ቀን ግን ራሴን ብቻ አያለሁ። ስለዚህ ሁሉንም ነገር አስቸኳይ አደረግሁት። አልጎሪዝም የሚባል፣ ለማን ምን እንደሚታይ የሚመርጥ ስሌት እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር። ሰው የወደደኝ ነበር የሚመስለኝ።

ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ደግሞ መካ፣ ተራራ ላይ ያለው ነካሳ ሰፈር ነበር። በየመን በኩል ባሕር ተሻግሮ የገባ፣ ኢቃማ የሌለው፣ የተገኘውን የቀን ሥራ የሚሠራ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ። ሲሚንቶ ያወርዳል፣ ግድግዳ ይቀባል። ሥራ ያጣ ቀን ከሌሎች ሰባት የወሎ ልጆች ጋር በሚኖርባት ክፍል ተቀምጦ የእኔን ቪዲዮ ያሳያል፣ "እህቴ ናት" እያለ። ከተያዘ አሻራውን ሰጥቶ ወደ አገር ይሸኛል፤ ከዚያ በኋላ ተመልሶ መግባት የለም። በዚያ ባሕር ላይ አብረውት ከተሳፈሩት መካከል ዳር ያልደረሱ ነበሩ። "ለዚያ መንገድ ሁለተኛ ነፍስ የለኝም እታለም" ይለኝ ነበር። ምኞቱ አንድ ነው፤ ወረቀት ይዞ፣ እናታችንን በሰላም ሄዶ አይቶ፣ በሰላም መመለስ።

ነገሩ የሆነው በሻዕባን ወር፣ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። በዚያ ሰሞን ወረቀት የሌለው ሰው ሁሉ ምህረት ይጠብቃል። ሐሙስ ከዙህር በኋላ አንድ የማላውቀው ገጽ ላይ የዓረብኛ ማስታወቂያ ፎቶ አየሁ። ዓረብኛ ማንበብ እችላለሁ። ወረቀት የሌላቸው ሰዎች እስከ ሻዕባን መጨረሻ ራሳቸው ከቀረቡ ያለ ቅጣት ጉዳያቸው እንደሚታይላቸው ይናገራል። መቀበያው ባሕራ አካባቢ፣ የጅዳና የመካ መንገድ ላይ መሆኑንም ይጠቅሳል። የፎቶው ጫፍ ተቆርጧል። ቀንና ወር እንጂ ዓመት አይታይም።

ዓመቱን አልጠየቅኩም። እዚህ ያለን ሐበሾች ሦስት የዘመን አቆጣጠር ይዘን ነው የምንኖረው። ኢቃማችን በሂጅራ ነው፣ የአውሮፕላን ትኬታችን በፈረንጅ ነው፣ ከእናቶቻችን ጋር ስናወራ በኢትዮጵያ ነው። የቱን ዓመት እንደምንጠራ ስለሚያጨቃጭቀን ዓመቱን ትተን ወሩን ብቻ መናገር ልማድ ሆኖብናል። ሻዕባን ከተባለ የዘንድሮው ሻዕባን ነው፤ ኸላስ።

ቪዲዮውን የቀረጽኩት የመዳም ኩሽና ውስጥ ነው። "አስቸኳይ! የምህረት በር ተከፈተ! ዛሬ ነገ አትበሉ! ነገ ጁምዓ ነው፤ ከሶላት በኋላ ባሕራ፣ ጎማ ቤቶቹ ጋ ተገናኝታችሁ አብራችሁ ሂዱ!" ይህቺ የመጨረሻዋ ማስታወቂያው ላይ የለችም። ለማሳመር ከራሴ የጨመርኳት ናት። ሰው በአንድ ላይ ሲሄድ ደስ ይላል ብዬ።

ሳህን አጥቤ ሳልጨርስ ስልኬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማታ ሰይድ ደወለ። ከኋላው ጩኸትና ሳቅ ይሰማል።

"እታለም! ወላሂ ክፍሉ ሁሉ እያለቀሰ ነው! እውነት ነው አይደል?"

"ወረቀቱን አላየኸውም?"

"አይቻለሁ። ግን ዓረብኛውን ማን ያነበዋል? አንቺ ካልሽ በቃኝ።"

"እንግዲያው ሂድ" አልኩት። "ጀለቢያህን አጥበህ፣ አምረህ ሂድ።"

ዓርብ ጠዋት ቁርስ ሳነሳ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ።

"አሰላሙ ዓለይኩም። ሀያት ነሽ? መዲና እባላለሁ፣ ከሸረፊያ።"

አውቃቸዋለሁ። እትዬ መዲና እዚሁ ጅዳ፣ ሸረፊያ ሰፈር ልብስ የሚሰፉ፣ ሃምሳውን የዘለሉ የአገሬ ሴት ናቸው፣ በእናታቸው አፋር። ከስፌቱ ጎን አዲስ አበባ ላለ አንድ የዜና ክፍል ከጅዳ ይዘግባሉ። እኔ በሆዴ "አሮጊቷ" ነበር የምላቸው። ዜናቸው ረጅም ነው፣ አይጮኹም፣ ተከታያቸው ከእኔ አጠገብ አይደርስም።

"ትናንት የተናገርሽውን በዓይንሽ አይተሽ ነው ወይስ ሰምተሽ?" አሉኝ።

"ማስታወቂያውን አይቻለሁ እትዬ።"

"ማስታወቂያውን ወይስ ፎቶውን?"

"ፎቶውን።"

"ፎቶውን ማን ሰጠሽ?"

"አንድ ገጽ ላይ ነው ያገኘሁት።"

"ገጹ የማን ነው? ስም አለው? የሚያውቀው ሰው ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

አጠያየቃቸውን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ግመላቸውን አቁመው ቁጭ ይሉና ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ዳጉ ይሉታል። ያየኸው ምንድን ነው? የሰማኸውስ? ከማን? እሱስ ከማን? ተናጋሪው ያየውንና የሰማውን አይቀላቅልም። የተሳሳተ ወሬ ያደረሰ ሰው ደግሞ በዚያ አገር ላይ ሁለተኛ ቃሉ አይሰማም። አባቴ ከሱቁ በር ላይ ሆኖ እነሱን ሲያይ ሥራ ፈቶች ናቸው ይል ነበር። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።

"እትዬ፣" አልኳቸው ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "ሰው እኔን ስለሚሰማኝ ቀንተው ነው እንዴ?"

አልተቆጡም። "አዎ፣ ይሰማሻል። እኔንም ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ልጄ፣ ወረቀቱ የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ሙሉው እጄ ላይ አለ፤ መጥተሽ እይው።"

ክው አልኩ። መጀመሪያ የታየኝ እኔው ነኝ፣ ልዋሻችሁ አልችልም። ሐሰተኛ ወሬ ማሰራጨት እዚህ አገር እንደሚያስቀጣ አውቃለሁ። ሰይድ ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው። ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ባትሪው አሮጌ ስለሆነ ቻርጅ ለመቆጠብ ይዘጋዋል።

መዳም ፊቴን አይታ "ሙሽኪላ አለ?" አለችኝ። ወንድሜ ችግር ላይ ነው አልኳት። እረፍቴ ከሰዓት ቢሆንም "ያላ፣ ሂጂ" ብላ ቦርሳዬን ራሷ አቀበለችኝ።

የእትዬ መዲና ቤት አንድ ሰፊ ክፍል ነው። በአንድ በኩል የስፌት መኪና፣ በሌላ በኩል ደብተር የተከመረበት ጠረጴዛ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ስልክ ተደርድሯል። ወረቀቱን ዘረጉልኝ። ያው ማስታወቂያ፣ ያው ሻዕባን፣ ከጫፉ ግን ዓመቱ በግልጽ ተጽፏል። የዜና ክፍላቸው ያኔ ሲወጣ ዘግቦት ቅጂውን አስቀምጦት ኖሯል።

"የእኔን ቪዲዮ እንዴት አገኙት?" አልኳቸው። ተከታዬ እንዳልሆኑ አውቃለሁ።

"ይሄኛው ስልክ የራሴ ነው" አሉ። "ይሄ ሻጋላ ነው። ይሄ ደግሞ ነካሳ የሚኖር የቀን ሠራተኛ።"

አልገባኝም። አስረዱኝ። ሁለተኛውን ስልክ የሚይዙት እንደ ቤት ሠራተኛ ነው፤ እኛ የምናየውን ብቻ ያያሉ፣ እኛ የምንወደውን ይወዳሉ። ሦስተኛውን እንደ ሰይድ። አልጎሪዝሙን "አከፋፋዩ" ነው የሚሉት። አከፋፋዩ ለእያንዳንዳችን ምን እያደለ እንደሆነ ለማወቅ የዜና ክፍላቸው የፈጠረው ዘዴ ነው። ሐሙስ ማታ የሰይድ ዓይነቱ ስልክ ላይ የእኔ ፊት አሥራ አንድ ጊዜ መጣባቸው። የራሳቸው ስልክ ላይ አንድም ጊዜ አልመጣም።

"ድሮ ጠዋት ስንሰበሰብ ዛሬ ምን እንጻፍ ነበር የምንለው" አሉ። "አሁን መጀመሪያ የምንጠያየቀው ሰዉ ዛሬ ምን ታየው የሚለውን ነው።"

እኔ አሮጊቷ የምላቸው ሴት! ስንት ነገር እንደሚያውቁ ሳይ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቪዲዮውን አጠፋሁት። ግን ሌሎች ወስደው በየገጻቸው ለቀውታል፤ ፊቴ በማላውቃቸው ገጾች ላይ ይጮሃል። ቁጭ ብዬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ማስተካከያ ቀረጽኩ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ያየው ሰው አንድ ሚኒባስ አይሞላም። እንደገና ከፈትኩት፣ እንደገና። ያው ነው።

"አትጠብቂው" አሉኝ እትዬ መዲና። "ተረጋጉ የሚል ነገር ሰው ቆሞ አያይም። ሰው ካላየው ደግሞ እሱ ለሌላ አያሳይም። ነካሳ አሥራ አንድ ሴቶች አሉን፤ ለእነሱ ተናገሪ።"

እነዚህን ሴቶች ከዚያ በፊት አላውቃቸውም ነበር። ፀጉር ሠሪ አለች፣ ሳምቡሳ ሻጭ አለች፣ ልጆች ቁርኣን የምታስቀራ አለች። እያንዳንዷ የምታንኳኳቸው በሮች አሏት። የዜና ክፍሉ አጭር የድምፅ መልእክት ይልክላቸዋል፤ እነሱ በር ለበር ያደርሱና ማን እንደሰማ፣ ማን እንዳልተገኘ፣ ማን ምን እንዳለ መልሰው ይደውላሉ። ዳጉ ማለት ነው፣ በስልክ። ደሞዝ የላቸውም። ለምን እንደሚያደርጉት አንዷን በኋላ ስጠይቃት "ሰው አምኖኝ በሩን ከከፈተልኝ ምን እፈልጋለሁ?" አለችኝ።

ስልኩን ይዤ ተናገርኩ። "ሀያት ነኝ። ትናንት ያልኳችሁ ስህተት ነው። ወረቀቱ የዛሬ ሦስት ዓመት ነው፤ ባሕራ ተገናኙ ያልኩትም ከራሴ ነው። አትሂዱ።" ድምፄ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ። እትዬ መዲና ድገሚው አላሉኝም፤ እንዳለ ላኩት።

ቀጥለው ወደ አንድ የጅዳ ኢትዮጵያ ቆንስላ ሠራተኛ ደወሉ። አቶ ብርሃኑ ይባላል። ዓርብ ነው፣ ቢሮ ዝግ ነው፣ ልጁን እያበላ ነበር።

"ደብዳቤ አርቅቄ በማህተም ገጻችን ላይ ላውጣው?" ሲል በድምፅ ማጉያው ሰማሁት።

"ማህተሙ እስኪያርፍ ጁምዓ ያልፋል ልጄ። ፊትህን አሳያቸው።"

"የሌላ አገር ሕግ ላይ መግለጫ መስጠት አልችልም እትዬ መዲና። የማውቀውን ግን መናገር እችላለሁ። አለቃዬን ልጠይቅና ልደውል።"

አምስት ደቂቃ አልሞላም። አለቃው "ቶሎ በል" ብሎታል። ቪዲዮው ሲመጣ ሰውየው ሽርጥ አገልድሞ፣ ከኋላው ልጁ እያለቀሰ፣ "ወገኖቼ፣ እኛ ዘንድ የደረሰ አዲስ ማስታወቂያ የለም። የምታዩት ወረቀት ጊዜው ያለፈበት ነው። እባካችሁ ባላችሁበት ቆዩና በዚህ ቁጥር ጠይቁን" ይላል። ቁጥሩ የራሱ ስልክ ነው። ሽርጥ ለባሹ ቆንስላ እየተባለ ሲሳቅበት ሰነበተ፤ ግን እየሳቀ ሁሉም ለጓደኛው ላከው። ከማህተም ደብዳቤ ሁሉ ይልቅ ያቺ ሽርጥ ሩቅ ሄደች። ዛሬም ባገኘው እጁን እስማለሁ።

ከነካሳ ስልክ መምጣት ጀመረ። ይሄ ቤት ሰምቷል። ይሄ ቤት አመስግኗል። ይሄኛው ሰድቦሻል። እትዬ መዲና ሁሉንም ይጽፋሉ፣ ስድቡንም ጭምር። ከዚያ የሰይድን ክፍል እንድታይልኝ የለመንኳት ፀጉር ሠሪ ደወለች።

"የሰይድ ክፍል ባዶ ነው። ጠዋት ወጥተዋል፣ ጁምዓን ባሕራ እንሰግዳለን ብለው።"

እትዬ መዲና እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና ዓባያቸውን አነሱ። "ተነሽ" አሉኝ። "ወሬውን ያደረስሽው አንቺ ነሽ፤ መልሰሽ የምታነሺውም አንቺ ነሽ። እኔ አብሬሽ አለሁ።"

ሊሞዚን ይዘን ወጣን፤ እዚህ ታክሲውን ሊሞዚን ነው የሚሉት። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ አዛን አለ። ሹፌሩ ለጁምዓ ቆመ። እንዴት አትቁም ይባላል? በሴቶች በኩል ገብተን ሰገድን። የኢማሙ ስብከት፣ ኹጥባው፣ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ግንባሬን ምንጣፉ ላይ አድርጌ የለመንኩት አንድ ነገር ነው። ያ አላህ፣ ሰይድን አዘግይልኝ።

ባሕራ ስንደርስ ጎማ ቤቶቹ በራቸው ዝግ ነው። ከዚንጎው ጥላ ሥር ግን ከአርባ የማያንሱ ወንዶች ቆመዋል። የታጠበ ጀለቢያ፣ የተላጨ ፊት፣ በእጃቸው ፌስታል። ሁለት ሚኒባስ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ከመኪና ስወርድ አንዱ አየኝ።

"ሀያት መጣች! ልትሸኘን መጣች!"

አጨበጨቡ። እመኑኝ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ጭብጨባ ያመመኝ ነገር የለም።

"ስሙኝ" አልኩ። "ተሳስቼ ነው። ወረቀቱ የድሮ ነው። አትሂዱ፤ ከሄዳችሁ ትሸኛላችሁ።"

ከዚያ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ድምፁን ከፍ አደረገው። "አስቸኳይ! የምህረት በር ተከፈተ!" የራሴ ድምፅ ከፊቴ ጮኸብኝ።

"የቱ ነው እውነቱ?" አለኝ። "ይሄ ወይስ የቆምሽው?"

"አስፈራርተዋት ነው!" አለ ሌላው። "ሰው በዛ ብለው ሊያስቀሩን ነው!" ሰዉ ወደ ሚኒባሶቹ መገፋፋት ጀመረ። እኔ እጮሃለሁ፣ ስልኩም ይጮሃል፤ ሁለታችንም አንድ ድምፅ ነን፣ የሚሰማው ግን እሱን ነው።

እትዬ መዲና አልጮኹም። ወደ ጥላው ገቡና አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አሉ። "ልጆቼ፣ ደክሞኛል፤ ተቀመጡና አጫውቱኝ። ከዚያ የምትሄዱ ሂዱ።" የእናት ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ተቀምጣ ወሎዬ ቆሞ አይቀርም። አንድ አንድ እያሉ ተቀመጡ።

"አንተ የኔ ልጅ፣ ምህረቱን ከማን ሰማህ?"

"ከእሷ፣ ከስልክ።"

"አንተስ?"

"ከጓደኛዬ።"

"ጓደኛህስ?"

"ከእሷ።"

ሁሉንም ጠየቁ። አንዱም ሌላ ምንጭ የለውም። አርባ ሰው ነኝ ያለ ወሬ አንድ ሰው ሆኖ እኔ ጋ መጥቶ ቆመ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺስ ሀያት?"

"ከማላውቀው ገጽ፣ ከተቆረጠ ፎቶ። ዓመቱን አላየሁም፣ አልጠየቅኩምም። ባሕራ ተገናኙ ያልኩት ደግሞ ማንም ሳይለኝ ነው።"

ሙሉውን ወረቀት ከቦርሳቸው አውጥተው ልጆች ቁርኣን ለሚያስቀሩት ለሸህ ኑሩ ሰጧቸው። ሸሁም ሊሄዱ ፌስታላቸውን ይዘው ከመጡት አንዱ ናቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ፣ ዓመቱ ላይ ሲደርሱ በጣታቸው ቆጠሩ።

"ይህ ወረቀት ከወጣ በኋላ ሦስት ረመዳን ጾመናል" አሉ። "እኔም አላየሁትም ነበር። ሻዕባን ሲል ልቤ ቸኮለ።" ፌስታላቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። የሌሎቹም እጅ ተራ በተራ ወረደ። የሚያለቅስም ነበር። የሚኒባሱ ሹፌር ሞተሩን አጠፋ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ዓይኔ ሰይድን ይፈልግ ነበር። የክፍሉን ልጅ ለይቼ ያዝኩት።

"ሰይድስ?"

ልጁ ቀና ብሎ አላየኝም። "የመጀመሪያው መኪና ላይ ነው። ከሶላት እንደወጣን ሄዱ። የእህቴ ዜና ስለሆነ እኔ ልቅደም አለ።"

በሊሞዚኑ ተከተልን። መቀበያው በር ላይ ስንደርስ መኪናው ባዶውን ሲመለስ አገኘነው። ሹፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "ስድስቱም ገብተዋል" አለ። "እየሳቁ ነው የገቡት።"

ወደ በሩ ልሮጥ ስል እትዬ መዲና ያዙኝ። አብሽሪ አላሉኝም፣ ይለቁታልም አላሉኝም፤ እንደማይለቁት ያውቃሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ሊያጽናናኝ ብሎ ይዋሸኝ ነበር። እሳቸው እጄን ይዘው ቆሙ፤ ቆይተው "ስድስት ሰው ገብቷል፤ አርባው ተመልሷል። ስትናገሪ ሁለቱንም ትናገሪያለሽ" አሉኝ።

የዚያኑ ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ተናገርኩ። ወንድሜን ያስያዘው የእኔ ቪዲዮ እንደሆነ ሳልደብቅ፣ እያለቀስኩ። ይህኛው ከምህረቱ ወሬ በላይ ተከፋፈለ። ሰው "ምን ዓይነት ልብ ነው!" እያለ አወደሰኝ፤ ተከታዬ በዛ። ለአፍታ ደስ አለኝ፣ አይገርምም? እትዬ መዲና ግን አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። "ነገ ሳታለቅሺ የምትናገሪውንስ ማን ያደርስልሻል?"

ገጹን ዘጋሁት። ዛሬም የመዳም ቤት እሠራለሁ፤ ሰፈሬ ውስጥ ግን የማንኳኳቸው ሃያ ሦስት በሮች አሉኝ፣ ሁሉም የቤት ሠራተኞች ያሉበት። ለዜና ክፍሉ ማን እንደሰማና ማን እንዳልሰማ እደውላለሁ። እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ መንግሥትና ጋዜጠኛ ይህን የስልክ ጎርፍ ምን ሊያደርጉት ይችላሉ ስትሉ እሰማለሁ። እኔ መፍትሔ አዋቂ አይደለሁም። ያየሁትን ልንገራችሁ። ማህተሙን ትቶ በሽርጡ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ አይቻለሁ፤ ሕዝቡ ምን እየታየው እንደሆነ ለማወቅ ሦስት ስልክ ይዛ የምታመሽ ልብስ ሰፊ አይቻለሁ፤ ያለ ደሞዝ ተራራ የሚወጡ አሥራ አንድ ሴቶች አሉ ሲባል ሰምቼ በኋላ ሄጄ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ አርባ ስድስቱም በዚያ በር ይገቡ ነበር። ለእነሱ ያለኝን ክብር በምን ቃል እንደምናገረው አላውቅም።

ሰይድ በረመዳን አምስተኛው ቀን ባቲ ገባ። አሻራውን ሰጥቷል። በእናታችን ስልክ ደወለ። ይቅርታ መጠየቅ ልጀምር ስል አቋረጠኝ።

"ሰዉ ሁሉ ስልክ ነው ያታለላቸው ይላል" አለ። "እኔ ስልክ መች አምኜ አውቃለሁ እታለም? አንቺን ነው ያመንኩት።" በቁጣ አልነበረም፤ እንደ ተራ ነገር ነው የነገረኝ። "በይ፣ እማ እዚህ ናት፣ ላቅርባት።"

እናቴ ስልኩን እየሳቀች ተቀበለችው።

"ሀያቴ! አብሮኝ እንዲያፈጥር ልጄን ከዚያ ከስደት አውጥተሽ የላክሽልኝ! አላህ ያክብርሽ፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ! ሁሉንም ነግሮኛል።"

ሰይድ ሸፍኖልኛል። ዝም ብል ምርቃቱ የእኔ ነበር፤ እናቴም ደስ እንዳላት ትተኛ ነበር። የድሮዋ ሀያት አሜን ብላ ትቀበለው ነበር።

"እማ፣ ቁጭ በይ" አልኳት። "እሱ እንደነገረሽ አይደለም። እኔ ልንገርሽ።" ከተቆረጠው ፎቶ ጀምሬ፣ ያየሁትንና ከራሴ የጨመርኩትን ለይቼ፣ እስከ መጨረሻው ነገርኳት።